የታደገን ጊታር ለማምጣት ወደ መርሳ

የወልድያንና የመርሳን ስም በዜና ለሰማችሁ፣ መሬታቸውን ግን ምናልባት ለማትረግጡት ለጎረቤቶቼና ለቀድሞ ተማሪዎቼ ነው ይህን የምጽፈው። ከተመለስኩ ቆይቻለሁ። አንድ ገጽ ጽፌ ለቀናት የማቆምበት ጊዜ ስለሚበዛ ነው የዘገየሁት።

የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም። ባለቤቴ ታደገ በወጣትነቱ ወልድያ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ባቋቋሙት ባንድ ጊታር ይጫወት ነበር። ኋላ የመንግሥት ሥራ ይዞ ደብረ ብርሃን መጣ፣ እኔን አገባ፣ ባንዱም ተበተነ። ጊታሩ ግን ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ጦርነቱ ወሎ ከመግባቱ በፊት በነበረው ግንቦት የከበሮ መቺው የጋሽ ሞላ ልጅ ሲዳር ታደገ ወልድያ ሄዶ ተጫወተና ጊታሩን እዚያው ትቶት መጣ። «ክረምቱ ሲወጣ ተመልሼ ከልጆቹ ጋር እጫወታለሁ፤ ማን ተሸክሞ ይመላለሳል?» አለኝ። ልጆቹ የሚላቸው ሽበታም የባንድ ጓደኞቹን ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ መንገዱ ተዘጋ። ኅዳር ላይ ከተማችን ራሷ በስጋት ተወጥራ ሳለ ታደገ ታሞ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የግራ እጁ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ይሄዱ ነበር። ነርሷ ትኩሳቱ ነው አለችኝ። እኔ ግን የትኛው ዘፈን እንደሆነ ለመለየት ጣቶቹን በዓይኔ እከተል ነበር። አልለየሁትም። መንገዱ ሲከፈት ጊታሩን ወደ ቤቱ ልመልስ ተነሳሁ። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ማክሰኞ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ሳይረግፍ ነው። እንደ አገራችን ልማድ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ከላይ ደግሞ ጋቢ ደርቤ ነበር። ጎረቤቶቼ «ጦርነት ካለፈበት አገር ምን ተገኝቶ ይበላል?» ብለው ቦርሳዬን በዳቦና በበሶ ሞልተውልኛል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ ከእግሬ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣብኝ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቦቼን በየተራ አውልቄ ጭኔ ላይ ከምሬያቸው ነበር።

«እማማ፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት። ሳቅሁ። ከኅዳር ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ወዲያው ደግሞ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መንገዱ ዳርና ዳር የተቃጠሉ መኪናዎች ቆመዋል። አውቶቡሱ በአጠገባቸው ሲያልፍ የተሳፋሪው ወሬ ይቋረጥና ካለፍናቸው በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል።

ታደገ መንገድ ላይ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። የሚያወራው ስለ ዘፈን ነው፤ ስለ ዜማው ሳይሆን ዘፈኑ እንዴት እንደተሠራ። በልጅነቱ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የባሕር ማዶ ሮክ ይሰማ ነበር፤ ካገኘው መጽሔት ሁሉም ይለቅም ነበር። ድምፁ እንዲያስተጋባ ብለው መታጠቢያ ቤት ገብተው ስለዘፈኑት፣ ግጥሙ ስለጠፋበት ቦታውን በፉጨት ስለሞላውና ሕዝቡ ፉጨቱን ከግጥሙ አብልጦ ስለወደደለት ዘፋኝ፣ የድምፅ ማጉያቸውን ወረቀት ሆን ብለው በምላጭ ስለሚሰነጥቁት ሰዎች። እውነት ይሁን ተረት አላውቅም። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁና እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን ስለ ዘፈን ማንም አላወራኝም፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ደሴ መግቢያ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር መታወቂያዬን አገላብጦ አየ።

«ወዴት ነው፣ እማማ?»

«ወልድያ።»

«ዘመድ አለዎት?»

«የባለቤቴ ጊታር አለ።»

ጥቁር ልብሴን ተመለከተ። መታወቂያዬን በሁለት እጁ መለሰልኝና «እሱም ዘመድ ነው፤ ይለፉ» አለኝ። ደሴ በአንዲት ትንሽ ማደሪያ አደርኩ። ባለቤቲቱ ብቻዬን መሆኔን አይታ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጠችኝ፤ «ሰው የሚያወራበት ይሻልዎታል» ብላ።

ረቡዕ

ከደሴ በሚኒባስ ወጣን። ሐይቅንና ውጫሌን አልፈን ውርጌሳ ስንቃረብ ከሞተሩ እንፋሎት ይወጣ ጀመር። ሹፌሩ ወርዶ ክዳኑን ከፍቶ፣ የሞተሩ ውሃ እስኪበርድ መጠበቅ አለብን አለ። ረዳቱ ውሃ ፍለጋ ጀሪካን ይዞ ሄደ። እኛ ዛፍ ጥላ ውስጥ ተቀመጥን። ፓፓያ የምትሸጥ ሴት የራሷን ዱካ አንስታ «ይቀመጡ፣ እቴ» አለችኝና እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ረቡዕ ስለሆነ ጾም ላይ ነበርኩ፤ ሰዓቴ ሲደርስ ግማሽ ፓፓያ ቆረጠችልኝ። በእኛ አገር ፓፓያ ተጠቅልሎ፣ ተጫጭሮ፣ ግማሽ በስብሶ ነው የሚደርሰን። ይህ ግን ከዛፉ በዚያው ጠዋት የወረደ ነው፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። ገንዘብ ስሰጣት «ለጥቁር ለባሽ አልሸጥም» ብላ እጄን መለሰችው።

መርሳን ያለፍነው ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐዩ በእኔ በኩል ስለሆነ መጋረጃውን ስቤ ነበር። የመጣሁበት ነገር ከዚያ መጋረጃ ወዲያ እንዳለ አላወቅሁም። ሲሪንቃ ስንደርስ መጋረጃውን ገለጥኩት። የእርሻ ምርምሩ ማሳዎች በገመድ እንደተለኩ ተከፋፍለዋል፤ ብዙዎቹ ግን በዚያ ዓመት ያልተዘራባቸው ነበሩ።

ወልድያ ሲመሽ ደረስኩ። በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ባጃጅ ሰውን ይጎትታል፤ እዚህ ነዳጅ ስለሌለ ሰው ባጃጅ ይለምናል። የያዝኩት ሆቴል መኝታ ክፍሉ ውስጥ የብረት አልጋ ብቻ ነበረ። ፍራሹ፣ መስታወቱ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ተወስዷል። የሆቴሉ ባለቤት የራሳቸውን ፍራሽ ከቤታቸው አስመጥተው አነጠፉልኝ። «እኔ መሬት ለምጃለሁ፤ እርስዎ ከብርድ አገር መጥተው መሬት ላይ አያድሩም» አሉ። ያን ሁሉ የተሸከምኩትን ጋቢ ያን ሌሊት ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ወዲያው ተቀበሉኝ፤ ለካስ በርዷቸው ኖሯል።

ሐሙስ

የጋሽ ሞላ ቤት ሆቴሉ አጠገብ ነው። ከባንዱ ትልቁ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው አያራምዳቸውም። የታደገን መሞት ከአንድ ተጓዥ ሰምተው ኖሮ፣ በሩ ላይ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ታደገን በልጅነቱ ከሚያውቀው ሰው ጋር ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤት ለቅሶ የመጡት ሁሉ ሽማግሌውን ታደገን ነበር የሚያውቁት።

ከለቅሶው በኋላ ጋሽ ሞላ ማውራት ጀመሩ። ለካስ ታደገ ወሬውን ከእሳቸው ነው የተማረው።

«አንቺ ልጅ፣ ያ የሚነዝረው የጊታሩ ድምፅ ከየት እንደመጣ ነግሮሻል?»

«የድምፅ ማጉያው ወረቀት ተቀዶ ነው ብሎኛል።»

«ማን እንደቀደደውስ?»

«እሱን አልነገረኝም።»

«አፍሮ ነው!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ዶሮ ናት። የእናቴ ዶሮ። ድምፅ ማጉያውን እዚህ ጥግ አስቀምጠነው እናቴ ማሽላ ታበጥርበታለች። ፍሬው ውስጥ ይገባል። ዶሮዋ ፍሬዋን ልልቀም ብላ ወረቀቱን ጠቅጥቃ ጠቅጥቃ ወንፊት አደረገችው። ምሽቱን ሆቴል ስንጫወት ጊታሩ እንደ ተርብ ጮኸ። ታደገ ሊያለቅስ ደረሰ፤ ሕዝቡ ግን ይድገሙን አለ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሙዚቀኞች ‹ይህ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?› ብለው ሲጠይቁት ምን አለ መሰለሽ? ‹ከውጭ ያስመጣነው ነው።›»

የእሳቸው ትልቅ ከበሮ ደግሞ በርሜል ነበር፤ መርገጫው የልብስ ስፌት መኪና መርገጫ። በአንድ የበዓል ዋዜማ የመርገጫው ባለቤት ልብስ ሰፊ እየጨፈረ ካለው ሕዝብ መካከል ሰንጥቆ መጥቶ «መርገጫዬን!» ብሎ ከእግራቸው ሥር ፈትቶ እንደወሰደባቸው ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑን በእጅ ብቻ ጨረሱት።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ የመጣሁበትን ነገር ነገርኳቸው።

«ጊታሩ እኔ ዘንድ የለም» አሉ። «ከተማዋ ልትያዝ ነው ሲባል እንድሪስ ለገበያ መጥቶ ነበር። ከከተማ ገጠር ይሻላል ብሎ ጠቅልሎ መርሳ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። የታደገንም ነገር አልሰማም፤ የሚነግረው ሰው ስላላገኘሁ ነው።» ቀና ብለው ጥቁር ልብሴን አዩ። «እንግዲህ አንቺ ስትገቢ ያየዋል።»

እንድሪስ የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ኋላ ወደ አባቱ እርሻ ተመልሶ ገበሬ ሆነ። ከመርሳ ከተማ በእግር ወጣ ብሎ ነው ቤቱ። መጋረጃ ስቤ ወዳለፍኩበት አገር ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። እንድሪስ በማሳው ዳር ቦይ ሲጠርግ አገኘሁት። ቀና አለ፣ አየኝ፣ ወደ ኋላዬ ደግሞ ተመለከተ፤ ታደገን ይፈልግ ነበር። ከዚያ ልብሴን አየ። መኮትኮቻው ከእጁ ወደቀ።

«መቼ?» አለ።

«ኅዳር።»

ቦዩ ዳር ተቀመጠ። «ኢና ሊላሂ» አለና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። የመርዶ ወጋችን ሽማግሌ ሰብስቦ ማለዳ በር ማንኳኳት ነው፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን፣ የራሴን ባል መርዶ ይዤ ማሳ መካከል ቆሜ ነበር።

ሚስቱ ዘይነባ ከቤት ወጥታ አቀፈችኝ። «አፈሩን ገለባ ያድርግለት፤ አላህ ሰብሩን ይስጥዎ፣ እቴ» አለች። መሬት ላይ ተቀምጠው እንባቸውን ሲጠርጉ ቆዩ፤ ጎረቤትም መጣ። በመጨረሻ ሰው ሲቀንስ፣ የመጣሁት ጊታሩን ልወስድ እንደሆነ ለእንድሪስ ነገርኩት።

«አለ» አለ። «አለ፣ አብሽሩ። ደክሞዎታል፤ ነገ ይደርሳል።»

ዘይነባ ያን ጊዜ ተነስታ ወጣች።

ዓርብ

በማለዳ ተነስቼ ጠበቅሁ። እንድሪስ ቁርሱን ሳይጨርስ «ይምጡ፣ የሚያሳይዎት ነገር አለኝ» አለኝ። ጊታሩን መስሎኝ ተከተልኩት። የወሰደኝ ከተማው ዳር ወዳለ አንድ ባዶ የቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ የወፍጮ ሞተር የተነቀለበት የሲሚንቶ መደብ ብቻ ቀርቷል።

«ዘፈኑን የቀዳነው እዚህ ነው» አለ።

ዘፈኑን እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም፤ በኛ ዘመን ሰርግ ላይ የማይዘፈንበት ጊዜ አልነበረም። በሦስተኛው ስንኝ ላይ የዘፋኙ ድምፅ በድንገት ተነስቶ እንደ ወፍ ይቀጥናል። ስንት ዘፋኝ እሱን ለመድረስ ሲል ድምፁ ተዘግቷል። ታደገ ምክንያቱን ነግሮኝ ነበር፤ እንድሪስ ግን እንዳልሰማሁ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አላቋረጥኩትም።

በዚያን ጊዜ መርሳ መብራት አልነበራትም። ኃይል የሚገኘው ከአጎቱ ወፍጮ ሞተር ነው። የተዋሱትን ቴፕ ከሞተሩ ጋር አገናኙ፣ ግድግዳውን በጋቢ ሸፈኑ፣ አጎቱም ዘፈኑ እስኪያልቅ እህል ላይፈጭ ማለ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንዲት ልጅ ማሽላ ተሸክማ መጣች። ቤቷ እንግዳ አለ። አጎትየው እምቢ ማለት አልቻለም፤ ቀስ ብሎ እህሉን ገለበጠው። ሞተሩ ከበደው፣ ኃይሉ ወረደ፣ ቴፑ ዘገየ። እየዘገየ የተቀዳው ነገር ወልድያ ደህና መብራት ላይ ሲሰማ ፈጠነ፣ ቀጠነ። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው የድምፅ ከፍታ የአንድ ቁና ማሽላ ሥራ ነው።

«ልጅቷ ማን እንደሆነች ታደገ ነግሮዎታል?»

«አልነገረኝም።»

«ዘይነባ ናት! ዘፈናችንን ያበላሸችውን ልጅ ላገኛት ብዬ ስፈልጋት ከርሜ አገባኋት።»

ቤት ስንመለስ ይህንኑ ለዘይነባ ደገመላት። እሷ ሽሮውን ታማስል ነበር፤ ዓርብ ጾሜ መሆኑን አውቃ ቅቤ እንዳይነካው ሌላ ድስት ተውሳለች።

«አገር ተርቦ ወፍጮ አስቁማችሁ ስትጮሁ የነበራችሁት እናንተ፤ ያበላሸሁት እኔ» አለች።

«በዘፈን የተራበ የለም እኮ፣ አንቺ።»

«ነው?» አለችና አየችው። እንድሪስ ሳቁን አቋረጠ። ስለ ጊታሩ ስጠይቀው «ጁምዓ ነው፤ ከሶላት መልስ፣ ኢንሻአላህ» ብሎ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

ምሳ ስንቀርብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። እንጀራውን ያመጣችው ጎረቤት ናት፤ በነጠላዋ ሥር ሸፍና፣ በጓሮ በኩል። ማታም ሌላ ጎረቤት እንዲሁ አድርጋ ነበር። ጎተራ መሳይ ነገር ቤቱ ውስጥ የለም። የምግቡን ነገር ለማንሳት ስላፈርኩ የጊታሩን አነሳሁ።

«ዘይነባ፣ ጊታሩ የለም ወይ? ከሌለ ንገሪኝ። ሰው ስንት ነገር ተወስዶበታል፤ አልቀየምም።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አለ፣ እቴ። አለመኖሩ ይሻል ነበር።»

ከዚያ ነገረችኝ። ማሽላችንን የምናኖረው ከመሬት በታች ነው አለች፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጭድ ተነጥፎ፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ተመርጎ። በክረምት ጉድጓድ አይከፈትም፤ እርጥበት ከገባ እህሉ ይግላል፣ ይበሰብሳል። ይህን ልጅም ያውቀዋል። ታጣቂዎቹ ቀረቡ የተባለ ሳምንት ግን እንድሪስ ዝናብ እየዘነበ ጉድጓዱን ከፈተ። ለጊታሩ ቦታ እንዲሆን ከላይ ያለውን ማሽላ በጆንያ አወጣ። ጊታሩን በብርድ ልብስና በላስቲክ ጠቅልሎ እህሉ ላይ አስተኛው፣ መልሶ መረገው።

«አትክፈት አልኩት። ‹የወጣውን እንበላለን፣ የቀረው ይቆየናል፤ የታደገ አደራ ነው› አለኝ። የወጣውን ከነጆንያው ወሰዱት። ጉድጓዱን እንዳንከፍት ያዩናል። እህል ከእግራችን ሥር እያለ ጎረቤት ለምነን በላን። ሲሄዱ ከፈትነው። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ማሽላው ጠቁሯል፤ ለከብት እንኳ አይሆንም። ጊታሩ ደግሞ ከሙቀቱ ሙጫው ቀልጦ ተበታትኗል። የራሱንማ ጊታር አልጋ ሥር ነው የተወው፤ እሱን መጀመሪያ ቀን ወሰዱት።»

ከትናንት ጀምሮ የበላሁት እንጀራ ለምን ከጎረቤት እንደሚመጣ አሁን ገባኝ።

«ይህን ልነግርዎ አልነበረም» አለች። «እሱ ሊነግርዎ ፈርቶ በተረት ሊያቆይዎ ይችላል። እኔ ግን ያንን እንጨት ባየሁ ቁጥር ማሽላዬን ነው የማየው። ይውሰዱልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ማሳው ዳር ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ የምነግረው ለታደገ ነበር። ቢኖር፣ ማሽላ ያቀጠነውን ዘፈንና ማሽላ ያፈረሰውን ጊታር አንድ ላይ አድርጎ ለብዙ ዓመት ያወራው ነበር። መርሳ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱ እንደ እኛ አገር ቶሎ አይሄድም። እጄ ላይ ምንም ነገር አልነበረም፤ በአገሬ በዚህ ሰዓት ሹራብ እሠራለሁ። ማምጣት የምፈልገው ነገር በሕይወት የሌለ መሆኑን አውቄ፣ ይዤ መሄድ ደግሞ እንዳለብኝ አውቄ፣ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ለእንድሪስ «እንዳለ አምጣልኝ» አልኩት። አንዴ ዘይነባን አየ፣ አንዴ እኔን። አልተከራከረም። ከጓዳ በጆንያ ይዞት ወጣ።

ቀይ ጊታር ነበር፤ ሆዱ ክፍት፣ እንደ ሣጥን የተሠራ። ቀለሙ ተልጦ የማሽላ ፍሬ ተለጥፎበታል። አንገቱ ተነቅሏል፤ የፊቱ እንጨት እንደ ቅጠል ተጠምዝዟል። የጉድጓዱ የኮመጠጠ ሽታ ቤቱን ሞላው። እንድሪስ ቁርጥራጩን ምንጣፍ ላይ አንድ በአንድ ደረደረ፤ የሚገጥም ይመስል እያስጠጋ።

«የሰው አደራ» አለ። «ወላሂ፣ እንደ እህሌ ነው ያስቀመጥኩት።»

«አውቃለሁ፣ እንድሪስ።»

«ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር?»

«መጀመሪያ ይስቅ ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው። «ከዚያ ዘይነባን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።» ወደ ዘይነባ ዞርኩ። «እኔም እጠይቅሻለሁ።»

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ወደ ማሳው መለሰች።

ወደ ጆንያው ልመልሰው ስል እንድሪስ እጁን ዘረጋ። ከክሮቹ አንዱ አልተበጠሰም፤ በአንድ በኩል ሆዱ ላይ፣ በሌላ በኩል የአንገቱ ጫፍ ላይ ታስሮ ተንጠልጥሏል። «እትዬ አስናቀች፣ እስቲ ይህን ይያዙልኝ» አለ። አንገቱን ከሆዱ ጋር ገጥሞ ሰጠኝ። «በሁለት እጅዎ አጥብቀው ይግፉ። ከለቀቁት ይፈርሳል።»

ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከደረቴ አስጠግቼ ገፋሁት። ይህን ያህል ዓመት ግድግዳዬ ላይ ሲኖር አቧራውን ከማራገፍ በቀር አቅፌው አላውቅም ነበር። እንድሪስ አጠገቤ ተንበርክኮ ክሩን ወጠረና በጣቱ ነካው። ጆሮዬ የሰማው ደካማ ነገር ነው። ድምፁ ግን በእንጨቱ አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ፤ አጥንቴ ላይ ነዘረኝ። ታደገ ያን ሁሉ ዘመን ሲጫወት እሱ የሚሰማውና እኔ የምሰማው አንድ እንዳልነበረ ያን ጊዜ አወቅሁ።

እንድሪስ የራሱን የቤዝ ክፍል አልተጫወተም። የታደገን ነው የተጫወተው፤ በአንድ ክር፣ ቀስ ብሎ፣ አንዳንድ ቦታ እየሳተና እየተመለሰ። የቀረውን እኔ በልቤ ሞላሁት። እጄ እየዛለ መጣ። አንገቱ ተንሸራተተ፣ ክሩ ረገበ፣ ዜማው ከመሃሉ ተቋረጠ። መልሼ ገጠምኩት፤ እንደገና አመለጠኝ።

«በቃ» አልኩ። «አልቻልኩም።»

ዘይነባ ከበሩ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

«ወዲህ ይበሉ፣ እቴ» አለች። «ደክሞዎታል።»

ጊታሩን ከጭኔ ላይ ወሰደችና እህል እንደሚጫን ሰው በሙሉ ጉልበቷ ገጥማ ያዘችው። እንድሪስን አላየችውም። «ቀጥል እንጂ» አለችው፣ «ምን ይጎልትሃል?»

ቀጠለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ባዶ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ።